በጀት ሲያጥር መቀሱ የት ይረፍ? ለጤና ጣቢያና ለሆስፒታል ማኔጅመንት የንጽጽር መመሪያ

ጅማ ሰኔ ላይ ዝናቡም ስብሰባውም አያባራም። በጤና ተቋም ፋይናንስ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከመንግሥት የመጣው በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። የተረፈው ተመላሽ ነውና ሁሉም ፕሮፎርማ ይዞ ይሯሯጣል። በሌላ በኩል የሐምሌው በጀት ከአምናው እንደማይሻል ወሬው ቀድሞ ደርሷል። እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በዚያው ከሰዓት፣ «ቶሎ እንጨርስ» እና «ከየት እንቁረጥ» ይባላል።

እኔም በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ተቋማት ፋይናንስ ላይ ስሠራ ሁለቱንም ብዬ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ማኔጅመንት ወይም ቦርድ ላይ ለምትቀመጡ ነው። አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፤ እኔ ብሆን የቱን እንደምመርጥም እናገራለሁ። መለኪያዬ አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ወጪ ከእኛ መዝገብ ሲወጣ የማን ላይ ያርፋል? ከነጭራሹ ከጠፋ ቁጠባ ነው። ታካሚው ኪስ ውስጥ ከገባ ግን ቆጠብን አንበል፤ አሸከምነው እንጂ።

መጀመሪያ ገንዘቡን ለዩት

አንድ ተቋም ውስጥ ያለው ብር ሁሉ አንድ አይደለም። ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚመጣ አለ፤ ደመወዙም ሥራ ማስኬጃውም ከዚያ ነው። የውስጥ ገቢ አለ፤ ታካሚ የከፈለውና ከጤና መድን የሚሰበሰበው። በዓይነት የሚመጣም አለ፤ የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ የክትባት ዕቃ። የበጀቱ በርም ይለያያል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል በጀቱን የሚያገኘው በዩኒቨርሲቲው በኩል ከፌዴራል ነው። የከተማው ጤና ጣቢያዎች በጀት ግን በኦሮሚያ ክልል በኩል ነው። ስለዚህ የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሠራም።

የውስጥ ገቢን እዚያው አስቀርቶ መጠቀም የተጀመረው በ1990 በወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ መነሻነት ነው። ከዚያ በፊት ተቋማት የሰበሰቡትን ለግምጃ ቤት ያስገቡ ነበር። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የውስጥ ገቢ ሰኔ 30 ላይ አይመለስም፤ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሻገራል። ሁለተኛ፣ ይህ ገንዘብ በመንግሥት በጀት ላይ ተጨማሪ ነው፤ ምትክ አይደለም። «ገቢ አላችሁ አይደል» ተብሎ ሥራ ማስኬጃ ሲቀነስባችሁ ዝም አትበሉ። በጽሑፍ ተከራከሩ።

በዓይነት የሚመጣውንም እርዳታ እንደ ዘላለማዊ ስጦታ አትቁጠሩት። በጥር 2017 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ድንገት ሲቆም በፕሮጀክት ደመወዝ የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎች ውላቸው ተቋረጠ። የእነሱ ሥራ ግን አልተቋረጠም፤ ቀሪው ሠራተኛ ላይ ወደቀ።

ከሁሉም እኩል ወይስ መርጦ?

«ከሁሉም ክፍል 5 በመቶ» ፍትሐዊ ይመስላል። ማንም አይጣላም፤ ስብሰባውም ቶሎ ያልቃል። ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። ለማሳያ ያህል፣ ከ100 ብር በጀት 80ው ደመወዝ ነው እንበል። ደመወዝ አይነካም። በጠቅላላው በጀት ላይ 5 በመቶ ሲቀነስ 5ቱም ብር የሚወጣው ከቀሪው 20 ነው። በወረቀት 5 በመቶ የተባለው ሥራ ማስኬጃው ላይ 25 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ያ 20 ብር ደግሞ ጓንት ነው፣ ሪኤጀንት (የላብራቶሪ ኬሚካል) ነው፣ ናፍጣ ነው።

መርጦ መቁረጥ ያጣላል። የአምቡላንሱን ናፍጣ ሳይነኩ የስብሰባ ሻይና አበል መንካት ኃላፊዎችን ያስኮርፋል። እኔ ግን መጣላቱን እመርጣለሁ። አስቸጋሪው ክርክር ስብሰባ ላይ ካልተካሄደ ማታ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ይካሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ኃላፊ የለም።

መድኃኒት፦ ዓይን ቀድሞ የሚያርፍበት

የሥራ ማስኬጃውን ትልቅ ድርሻ የሚበላው መድኃኒት ስለሆነ መቀሱ ቀድሞ ወደዚያ ይሄዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብሩን ተመን ለገበያ ሲለቀው ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባው ጓንትም ሪኤጀንትም ተከተለው። ስለዚህ በአምናው ብር የአምናው ዕቃ አይገዛም።

ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ትንሽ ትንሽ መቀነስ ነው። ይህ ሁሉም መድኃኒት ወሩ ሳያልቅ እንዲያልቅ ያደርጋል። ሁለተኛው ውዱን መተው ነው። ውድ የሆነው ግን አንዳንዴ ኢንሱሊን ነው። ሦስተኛው ሥራ ይጠይቃል፤ የምመክረውም እሱን ነው።

የአምናውን ግዢ በብር መጠን ከላይ ወደ ታች ደርድሩት። ከመድኃኒት ዓይነቶቹ አንድ አምስተኛው ወይም ከዚያ ያነሰው ከገንዘቡ 70 እስከ 80 በመቶውን ሲበላ ታያላችሁ። ከዚያ ያንኑ ዝርዝር ለፋርማሲውና ለሐኪሞቹ ስጡና በሌላ ዓይን ይለዩት፦ ነፍስ አድን፣ አስፈላጊ፣ ባይኖርም የሚታለፍ። ፋርማሲስቶች ይህን «ኤቢሲ» እና «ቬን» ይሉታል፤ ትምህርት ቤት ተምረውታል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ማኔጅመንቱ ቁጭ ብሎ ሁለቱን ዝርዝሮች አንድ ላይ ማየቱ ነው። ብዙ ብር በልቶ የሚታለፍ የሆነው መጀመሪያ ይቆረጣል። ነፍስ አድን ሆኖ ርካሽ የሆነው አይነካም። የደም ግፊት ላንቀጠቀጣት ነፍሰ ጡር የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት፣ አድሬናሊን፣ 40 በመቶ ግሉኮስ የዋጋቸው ነገር በጀት አያናጋም። ጭራሽ ከልክ በላይ ብትይዟቸው ይሻላል።

የሚታለፈው እንዴት ያለ እንደሆነ ከራሴ ጥፋት ልንገራችሁ። አንድ ሰኔ ላይ ቀሪ በጀት እንዳይመለስ ብለን የሳል ሽሮፕ ገዛን። አቅራቢው ቶሎ አመጣ፤ የዕቃ መረከቢያው ሞዴል 19 ተቆረጠ፤ እኔም ፈረምኩ። ካርቶኑ ስቶር ውስጥ እስከ ኮርኒሱ ተደረደረ። በዓመቱ ስንገባ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ቢን ካርድ ላይ ወጪ የሚለው ዓምድ ጥቂት መስመር ብቻ ነበረው። ካርቶኖቹ ከታች በኩል ርጥበት ጠጥተው ተሸማቅቀዋል፤ የጅማ ዝናብ መጋዘን አይምርም። ግማሹ ጊዜው አልፎበት በኮሚቴ ተወገደ። ማስወገዱም ወጪ አለው። በዚያው ሰሞን ጓንት አልቆ ታካሚዎች ጓንት ገዝተው ይገቡ ነበር። በዚህ የተወቀሰ ሰው የለም፤ ኦዲቱ ላይ በጀቱ «በአግባቡ ጥቅም ላይ ውሏል»።

ይህን የሚያጋልጥ ሥርዓት አለ። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች የተስፋፋው የመድኃኒት ግብይት ሥርዓት ምን ገባ፣ ምን ተሸጠ፣ በነፃ ምን ወጣ፣ ምን ተበላሸ የሚለውን በየቀኑ ለኦዲት በሚመች መልክ ይመዘግባል። ባለሙያዎቹ «ኤፒቲኤስ» ይሉታል። ገንዘብ ተቀባይና የሒሳብ ባለሙያ ፋርማሲው ውስጥ መመደብ ይፈልጋል። «በዚህ የበጀት ችግር ሰው ቅጠሩ ትለናለህ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ። ትልቅ ሆስፒታል ከሆናችሁ አዎ።

ከየት ይገዛ ለሚለው ብዙ አልከራከርም። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎቱ ቅርንጫፍ እዚሁ ጅማ ስላለ መጀመሪያ እሱ ጋ ነው፤ «የለም» ሲል ማረጋገጫውን ይዞ ወደ ግል አስመጪ። ልዩነቱን የሚያመጣው ጊዜ ነው። ስቶር ባዶ ሲሆን የሚገዛ ሰው በተጠየቀው ዋጋ ይገዛል።

ናፍጣ

እዚህ ላይ አጭር ታሪክ ብቻ። በአንድ ተቋም የጄነሬተር ናፍጣ ቀንሰን ነበር፤ «ቅዳሜና እሁድ ቢሮ ዝግ ነው» ብለን። አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ሰኞ ጠዋት የፍሪጁ ቴርሞሜትር 14 ዲግሪ ያሳያል። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ወላድ ደም ሲፈሳት የሚሰጠው እሱ ነው። አዋላጅዋ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሳች ሳጥን ውስጥ ስትከት ቆሜ አየሁ። አንድም ቃል አልተናገረችኝም። የቆጠብነው የጥቂት ሊትር ናፍጣ ነበር። ናፍጣ ከተቀነሰ ከኃላፊ መኪና ይቀነስ። ከፍሪጅና ከአምቡላንስ አይሆንም።

ዲዩቲ፦ መቀነስ፣ ማዘግየት ወይስ ማስተካከል?

ዲዩቲ የምንለው ከመደበኛ ሰዓት ውጭ ተረኛ ሆኖ የሚሠራውንና ክፍያውን ነው። ብዙ ቦታ የሚመረጠው ክፍያውን ማዘግየት ነው። «በጀት ሲለቀቅ ይከፈላል» ይባላል። ይህ አማራጭ እንኳ አይደለም፤ ዕዳ ነው። የሦስት ወር ዲዩቲ ያልተከፈለው ነርስ በአካል ቢገባም ልቡ አይገባም። ከሰው አንፃር አልፈርድበትም።

በደፈናው መቀነስም እንዲሁ ነው። ምጥ የቢሮ ሰዓት አይጠብቅም።

ማስተካከል ግን ይቻላል። የማዋለጃና የድንገተኛ መዝገቡን የሦስት ወር አውጡና ሰዓቱን ብቻ ቁጠሩ። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ስንት ሰው መጣ? በየትኛው ክፍል? ላብራቶሪ ሌሊቱን ሙሉ ሁለት ሰው አስቀምጦ ስንት ምርመራ ሠራ? ይህን ቆጠራ የሠራን ጊዜ አንድ ክፍል ላይ ሰው ተርፎን፣ ማዋለጃ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ጎድሎ አገኘነው። አንዱን አነሳን፣ እዚያኛው ላይ ጨመርን። የተቆጠበው ብር ትንሽ ነበር። ሠራተኛው ግን ቁጥሩን ስላየ አልተነጫነጨም፤ ማለቴ፣ ብዙ አልተነጫነጨም።

የካርድ ዋጋ መጨመር ወይስ የመድንን ብር መሰብሰብ?

እዚህ ጋ ሰፋ አድርጌ እሄዳለሁ፤ ብዙ ብር የሚፈሰው እዚህ ነውና።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከኦሮሚያ ከተመረጡት አንዷ የእኛዋ ሊሙ ኮሳ ነበረች። ስለዚህ የጅማ ዞን ገበሬ ለመድን አዲስ አይደለም። መዋጮውን ይከፍላል፣ ካርዱን ይዞ ይመጣል፣ ተቋሙ ያክመዋል፣ ከዚያ ሒሳቡን ለመድኑ ጽሕፈት ቤት ያቀርባል። ብሩ የሚመጣው ተጣርቶ ነው። እየዘገየም ነው። ይህንን መዘግየት ያየ ማኔጅመንት «የካርድና የምርመራ ዋጋ እንጨምር» ማለት ይቀናዋል።

በቁጥር እንየው፤ ቁጥሩ ለማሳያ ነው። በቀን 60 ሰው የሚያይ ጤና ጣቢያ አለ። 40ው የመድን አባል ነው። ካርድ በ10 ብር ቢጨምር ከኪሱ የሚከፍለው 20 ሰው ብቻ ነው፤ በቀን 200 ብር፣ በ250 የሥራ ቀን 50,000 ብር። ከእነዚያ 20 ሰዎች ውስጥም ለወሊድ፣ ለክትባት፣ ለቲቢ የመጣ ካለ አገልግሎቱ ነፃ ስለሆነ አይከፍልም። አሁን ወደ 40ዎቹ እንሂድ። በሩብ ዓመት 65 የሥራ ቀን ብንል 2,600 ሕክምና ነው። በአማካይ 200 ብር ቢያዝ 520,000 ብር ይጠየቃል። ከዚህ 10 በመቶው የአባልነት ቁጥር ስላልተጻፈ፣ ፊርማ ስለጎደለ ወይም የሐኪሙ ጽሑፍ ስለማይነበብ ውድቅ ቢሆን 52,000 ብር ጠፋ። በአንድ ሩብ ዓመት የባከነው የዓመቱን የካርድ ጭማሪ በለጠ።

«ጭማሪው መድኑም ላይ እኮ ይታሰባል» ትሉኝ ይሆናል። ይታሰባል። ግን በሰዓቱ ያልከፈለን ተበዳሪ ዕዳ ማብዛት ብር አያመጣም። ዋጋ መጨመርም በማኔጅመንቱ ፊርማ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ቦርድና ከዚያ በላይ ያለ አካል ያጸድቀዋል።

ስለዚህ ምርጫዬ ግልጽ ነው። ካርድ ክፍል ላይ አንድ ጥንቁቅ ሰው መድቡ፤ ሥራው የአባልነት ቁጥሩንና የዕድሳት ዓመቱን ማየት ብቻ ይሁን። የሒሳብ ጥያቄውን በየወሩ አጠናቅቁት፤ በሩብ ዓመቱ ማብቂያ ሌሊት አትደሩበት። ውድቅ የተደረገውን በምክንያት ለዩትና ለሐኪሞቹ ንገሯቸው፤ «ያንተ ጽሑፍ በዚህ ወር ይህን ያህል ብር አሳጣን» ሲባል ጽሑፍ ይስተካከላል። አይቼዋለሁ።

መድኑ ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፤ መድኃኒት መኖሩን። አንድ ቀን ገንዘብ ቤቱ አጠገብ ቆሜ ሳለ አንድ አዛውንት ወደ ፋርማሲው መስኮት ቀረቡ። የመድን ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን ደግሞ በክር አስረውታል። ፋርማሲስቷ ወረቀቱን አይታ፣

«አባቴ፣ ይሄ እኛ ጋ አልቋል። ውጭ ይግዙት» አለቻቸው።

«መድን ከፍያለሁ እኮ ልጄ።»

«አውቃለሁ አባቴ። ግን አልቋል።»

ፌስታሉን መልሰው በክሩ አሰሩት። ቀስ ብለው። ወረቀቱን ኪሳቸው ከተው ወደ መኪና ተራው ሄዱ፤ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ፋርማሲ አልተሻገሩም። እሳቸው በቀጣዩ ዓመት ያድሳሉ ወይ? ጎረቤታቸውስ? መድኃኒት ላይ የቆረጥነው ብር እንዲህ ዞሮ የመድን አባል ይቆርጥብናል። አባል ሲቀንስ መድኑ ያጥረዋል፤ መድኑ ሲያጥረው እኛን ያዘገየናል። መቀስ ስታነሱ ይህን አዛውንት አስቡ እላችሁ ነበር፤ ለፋይናንስ ሰው ግን ሒሳቡን ማሰብም ይበቃዋል።

ውል የገባ የውጭ ፋርማሲ ካለ ደግሞ ታካሚውን በባዶ «ውጭ ይግዙ» ከማለት ማህተም ያለበት ወረቀት ጽፎ ወደዚያ መላክ ይሻላል። ወጪው መድኑ ላይ ያርፋል፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።

ቀሪዎቹን ቶሎ ቶሎ

ጽዳት፣ ጥበቃና ልብስ እጥበትን ለውጭ ድርጅት መስጠት የተፈቀደ ነው፤ ለትልቅ ሆስፒታል ያዋጣል። ለአንድ ጤና ጣቢያ ብዙም አያዋጣም። ከሰጣችሁ ግን በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ አትስጡ። ውሉ ላይ ማዋለጃና ቀዶ ሕክምና ክፍል በቀን ስንቴ እንደሚጸዳ፣ በስንት ሰው፣ በምን ኬሚካል ተብሎ ይጻፍ። ካልተጻፈ ኬሚካሉ ውኃ ይሆናል።

ፕራይቬት ዊንግ፣ ማለትም በመንግሥት ሆስፒታል ከመደበኛ ሰዓት ውጭ በተለየ ክፍያ የሚሰጥ ሕክምና፣ ለሆስፒታል እንጂ ለጤና ጣቢያ አይደለም። ስፔሻሊስት ለማቆየት ይረዳል፤ ሆስፒታሉን ግን ብቻውን ሀብታም አያደርገውም። የምታዩት ምልክት አንድ ነው፦ የጠዋቱ ወረፋ ረዝሞ የማታው ካጠረ፣ ዶክተሩ ጠዋት የት እንዳለ ጠይቁ።

የላብራቶሪ ማሽን መግዛት ወይስ ሪኤጀንት ለመግዛት ውል ገብቶ ማሽኑን በነፃ መረከብ? ጥገና የሚያደርግ ሰው ቅርብ ከሌላችሁ ሁለተኛው ይሻላል። ብቻ የአንዱን ምርመራ ዋጋ አስሉ። ነፃ ማሽን ውድ ሪኤጀንት ይበላል።

መቼ?

ሰኔ ላይ የሚደረግ ውሳኔ ሁሉ የችኮላ ነው። የመድኃኒቱን ሁለት ዝርዝር ሚያዝያ ላይ ሥሩት፤ ቀሪው በጀት ጓንት ይግዛ ወይስ ሽሮፕ የሚለው ያኔ ይለያል። የወባ መድኃኒትና የምርመራ ኪት ክምችት ነሐሴ ላይ ይታይ፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች ሰው መጉረፍ ይጀምራል። የመድን ዕድሳት ቅስቀሳው ቡና ተለቅሞ ገበሬው እጅ ላይ ብር ሲኖር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። ያኔ ገበያ ወጥታችሁ «አድሱ» ከማለታችሁ በፊት ስቶር ገብታችሁ መደርደሪያውን እዩ። ገበሬው የሚጠይቃችሁ ስለ እሱ ነው።